ናቲ ኮሌጅ የገባ ሰኞ

«ገባ» ማለት ከውጭ ወደ ውስጥ ሆነ ማለት ነው። ይህን የምነግራችሁ ሳታውቁት ቀርታችሁ አይደለም፤ አብረውን የኖሩ ቃላትን አልፎ አልፎ አውጥቶ ማናፈስ ስለሚጠቅም ነው። ሰው ቤቱ ይገባል። ሌባም ይገባል፤ ቤቱ ባይሆንም። ክረምት ይገባል፣ ጾም ይገባል፣ ማንም በር ሳይከፍትላቸው። ሰው ቃል ይገባል፤ ከገባበት ቃል ሲወጣ ግን እምብዛም አይታይም፣ በጓሮ በር ነው የሚወጣው። ነገር ይገባል፤ በተለይ በዘመዳሞች መካከል። ፀሐይ እንኳ በየቀኑ ትገባለች፤ የት እንደምታድር ጠይቋት የሚያውቅ ግን የለም።

ከዚህ ሁሉ መግባት መካከል እኛ በስደት በምንኖርበት አካባቢ፣ ማለትም ከሲልቨር ስፕሪንግ ጀምሮ ወንዙን ተሻግሮ እስከ አሌክሳንድርያ ባለው አገር፣ ቦታው ሳይጠራ የሚታወቅ አንድ መግባት አለ። ሁለት እናቶች ግሮሰሪ ውስጥ በርበሬ ሲመርጡ ይገናኙና አንደኛዋ «ገባች?» ትላለች። ሌላዋ «ገባች» ትላለች። «ተመስገን» ይባላል። ምን ውስጥ እንደገባች የሚጠይቅ ሰው ቢኖር ከሌላ ስቴት የመጣ እንግዳ ነው።

ልብ ብላችሁ ከሆነ «ገባች» ነው ያልኩት። «ገባ» አላልኩም። ለእንደኔ ዓይነቱ፣ በቃል እንጀራውን ለሚበላ ሰው፣ ከግሥ መጨረሻ ላይ የምትቀመጥ አንዲት «ች» ብዙ ትናገራለች። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ይህቺ «ች» በዝታለች። ገባች፣ ጨረሰች፣ ማስተርሷን ያዘች፣ ፋርማሲ ናት፣ ሕግ ልታጠና ሎው ስኩል ናት። ስለ ወንዶቹ ሲጠየቅ ደግሞ መልሱ ይረዝማል። «እሱ እንኳ ለጊዜው ሥራ ነገር እየሞከረ…» ይጀመርና በርበሬው ይሸተታል።

ባለፈው ሰኔ ቤተ ክርስቲያን ተመራቂዎች ወደ ፊት ወጥተው ሲባረኩ የሴቶቹ ሰልፍ ከመቅደሱ ደጃፍ ተነስቶ ጫማ መደርደሪያው ድረስ ደርሶ ነበር። ወንዶቹ ሦስት ነበሩ። ከሦስቱም አንዱ ተመራቂ አልነበረም፤ የእህቱን ቦርሳ ይዞ የቆመ ወንድም ነው። አባታችን እሱንም ባረኩት። ማንም አላረመም። ይጠቅመዋል ብለን ይሆናል።

ነገሩ የሚተነተነው፣ እንደ ብዙ ነገራችን፣ ሲልቨር ስፕሪንግ መሀል ከተማ በሚገኝ አንድ ካፌ፣ የእግረኛ መንገዱ ላይ በወጣው ጠረጴዛ ዙሪያ ነው። እዚያ ቅዳሜ ቅዳሜ የምንሰበሰብ አራት ሰዎች አለን፤ አራታችንም ልጅ አሳድገናል፣ ስለዚህ አራታችንም ሊቅ ነን። አንዱ ጥፋቱ የቪዲዮ ጌሙ ነው ይላል። ሁለተኛው ጥፋቱ የዴሊቨሪው ነው ይላል፤ አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላው መኪና ይዞ ምግብ እያመላለሰ የኪስ ገንዘብ የቀመሰ ልጅ አራት ዓመት ቁጭ ብሎ አይማርም ባይ ነው። ሦስተኛው ሦስት ሴት ልጆች ብቻ ነው ያሉት፤ እሱ ምንም አይልም፣ ፈገግ ብሎ ማኪያቶውን ያማስላል።

የእኔ ጽንሰ ሐሳብ የመኪና ቁልፍ ነበር። ሴት ልጅ «የት ነሽ፣ ከማን ጋር ነሽ፣ መቼ ትመጫለሽ» ስትባል ታድጋለች። መልስ መስጠት ሲሰለቻት ቤት ትቀመጣለች፣ ቤት ስትቀመጥ ታነባለች፣ ስታነብ ትገባለች። ወንዱ ግን በአሥራ ስድስት ዓመቱ ቁልፍ ይሰጠውና «ቀስ ብለህ ንዳ» ይባላል። እሱም ቀስ ብሎ ሄደ። ይህን አስተያየቴን ብዙ ሰው ወዶልኛል፣ አንዳንዱም የራሱ አድርጎ መልሶ ነግሮኛል። ስህተት መሆኑን ያወቅኩት በኅዳር ነው።

የሺን ላስተዋውቃችሁ። የሺ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ የደምሴ ሚስት ናት። አሌክሳንድርያ ውስጥ አዛውንቶች የሚጦሩበት ቤት ትሠራለች፤ ደምሴ ደግሞ እሁድም ሳይቀር ባስ ይነዳል። ሁለት ልጆች አሏቸው። ትልቋ ማሂ ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመቷ ነው፤ አሥራ አንድ ቦታ አመልክታ ዘጠኙ የተቀበሏት፣ ስሟ በየቤቱ ለሌሎች ልጆች መቆጣጫ የሚጠራ ልጅ ናት። ታናሿ ናቲ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ሃይስኩል ከጨረሰ ወዲህ «ለጊዜው» ይሠራል። ምን እንደሚሠራ የሺን ብትጠይቋት «ከአንድ ሳልቫዶራዊ ጋር ዕቃ ነገር ያነሳል» ትላችኋለች፣ ወዲያውም ምን ልጋብዛችሁ ትላለች።

በኅዳር አንድ ማክሰኞ የሺ ደወለችልኝ።

«ወንድሜ፣ እሁድ ሥራ አለኝ እንዳትለኝ» አለች። «ናቲዬ ኮሌጅ ገባ።»

«እንኳን ደስ አለሽ። መቼ አመለከተ?»

«እኔ ምን አውቄ። በገዛ አፉ ነው የነገረኝ፣ ‹ሰኞ ገባሁ› ብሎ።»

«የትኛው ኮሌጅ?»

«ኮሌጅ ነዋ። ምነው እንደ ኢሚግሬሽን ትጠይቀኛለህ?»

ከዚያ በኋላ አልጠየቅኩም። እዚህ ላይ ጥፋቴን ላምን። በኅዳር ወር ሰኞ ቀን ኮሌጅ የሚጀምር ተማሪ እንደሌለ የማውቅ ሰው ነኝ፤ እኔም ተምሬያለሁ፣ ልጆቼንም አስተምሬያለሁ። ግን የደስታ ወሬ ሲመጣ የምናውቀውን ነገር ሁሉ ዘወር በል እንለዋለን። ጥሩ የላፕቶፕ ቦርሳ፣ ብዙ ኪስ ያለው፣ ገዛሁና እሁድ ከሰዓት በፊት ድልድዩን ተሻግሬ አሌክሳንድርያ ወረድኩ። የሺ ድግሱን ከጽዋ ማኅበሯ ተራ ጋር አጋጥማዋለች፤ ሃያ የሚሆን ሰው፣ የነፍስ አባታቸውም ጭምር፣ ይመጣል።

ቀድሜ ነው የደረስኩት። አፓርትመንቱ ፓርኪንግ ውስጥ ናቲን አገኘሁት፤ ከፒካፕ መኪና ላይ ታጣፊ ወንበሮች እያወረደ ነው፣ በአንድ እጁ አራት አራት።

«እንኳን ደስ አለህ» አልኩና ቦርሳውን ሰጠሁት።

ወንበሮቹን አስቀምጦ፣ እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ፣ ተቀበለኝ። «ታንክ ዩ፣ ጋሼ። ለማሂ ነው?»

«ለአንተ ነዋ።»

«ለኔ? ዋይ፣ ለምን?»

«ኮሌጅ ገባህ አይደል እንዴ?»

«የስ» አለ ናቲ። «ሰኞ ገባሁ። ግን ላፕቶፕ አያስፈልገኝም እዛ። ሩፍ ላይ ነው የምንሠራው፣ ጣሪያው ላይ።»

ካወረዳቸው ወንበሮች አንዱን ዘረጋሁና ተቀመጥኩበት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ናቲ ዕቃ ነገር አያነሳም፤ የሕንጻ ማሞቂያና ማቀዝቀዣ ሥራ እየተማረ የሚሠራ ልጅ ነው። እስከ ኅዳር ድረስ አፓርትመንት ለአፓርትመንት እየዞረ የተበላሸ ኤሲ ሲጠግን ቆየ። ድርጅቱ የአንድ ኮሌጅ የሳይንስ ሕንጻ ሥራ ሲያገኝ አለቃው ከለማጆቹ መካከል ሁለት ብቻ መረጠ፤ አንዱ ናቲ ነበር። ሰኞ ለምሳ ሲቀመጡ እናቱ ደወለች። «የት ነህ?» አለችው። «ኮሌጅ ነኝ» አላት። «ኮሌጅ ምን ልትሠራ?» አለችው። «ገባሁ፣ እማ። ዛሬ ገባሁ» አላት። የናቲ አማርኛ ይህን ያህል ነው፤ ሥራ መግባትንና ትምህርት መግባትን የሚለይበት ወንፊት የለውም። እውነቱን ለመናገር አማርኛ ራሱም የለውም።

«ዛሬ እንግዳ የሚመጣው ለምንድን ነው?» አልኩት።

«የማሚ ማኅበር ነው። ተራዋ ነው።»

«ማን ነገረህ?»

«ማንም። ወንበር አምጣ አለችኝ፣ ውሃ አምጣ አለችኝ። ሁልጊዜ እንደዛ ነው።»

ለራሱ ድግስ ወንበር የተሸከመ ሰው ያን ቀን አየሁ። በቀስታ፣ በእንግሊዝኛ፣ ነገርኩት። ናቲ አላቋረጠኝም። ስጨርስ ወደ ሦስተኛው ፎቅ መስኮት፣ ወደ ቤታቸው፣ አየ።

«ስልክ ላይ እልል አለች» አለ በመጨረሻ። «እኔ ለጃቡ መስሎኝ።»

ከዚያ የቀረውን በእንግሊዝኛ ጨመረልኝ። ሁለት ሰው ተመርጦ አንዱ እሱ መሆኑን እናቱ የሰማች፣ ኮርታም እልል ያለች መስሎት ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጎ ለአለቃው አሰምቶታል። አለቃውም ሳንድዊቹን አስቀምጦ እስከ መጨረሻው አዳምጦ፣ ደግ እናት አለችህ ብሎታል።

እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉታላችሁ? እኔ ያልኩት «ቆይ፣ ለመሆኑ ማመልከት ትፈልጋለህ?» ነው። የናቲ መልስ ስልኩን አውጥቶ መስጠት ነበር። ማመልከቻው እዚያው ላይ ተከፍቷል። ለዚያው ለሚሠራበት ኮሌጅ ነው፤ በነሐሴ የተጀመረ፣ ስም፣ አድራሻ፣ ሃይስኩል፣ ሁሉም የተሞላ። የቆመው አንድ ቦታ ላይ ነው። «ስለ ራስህ ንገረን። ከክፍል ውጭ ጊዜህን በምን ታሳልፋለህ?» ከሥሩ ያለው ሣጥን ባዶ ነው። በጥር የሚገቡ የሚያመለክቱበት የመጨረሻ ቀን አርብ እንደሆነ በቀይ ተጽፏል።

«ማሂ እኔ ልጻፍልህ አለችኝ» አለ። «ኖ አልኳት። የሷ ይሆናላ። እኔ ምን ልበል፣ ጋሼ? ወንበር ተሸከምኩ ልበል?»

ከዚያ ሳልጠይቀው አንድ ነገር ነገረኝ። ባለፈው ሐሙስ ከአንድ ትልቅ ክፍል ኮርኒስ በላይ ገብቶ የአየር ቱቦ ሲያያይዝ ከሥሩ ትምህርት እየተሰጠ ነበር። አስተማሪዋ ስለ ሙቀት ነው የምታስተምረው፤ ከየት ወደ የት እንደሚሄድ፣ ለምን ተመልሶ እንደማይመጣ። አንድ ጥያቄ ጠየቀች። ክፍሉ ሙሉ ዝም አለ። ናቲ መልሱን ያውቀዋል፤ በሆዱ ተኝቶ፣ መፍቻውን እንደያዘ፣ ያውቀዋል።

«ለምን አልመለስክም?»

«ጋሼ፣ ከኮርኒስ ድምፅ ቢመጣ ይሮጣሉ።»

ፈለጋችሁም አልፈለጋችሁም፣ ይህ ልጅ ኮሌጅ መግባት እንደሚፈልግ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም። አሁን የቀረው ለየሺ መንገር ነው፤ ሃያ ሰው ሊደርስ አርባ ደቂቃ ቀርቶታል። ናቲ ወንበሮቹን በሁለት እጁ አነሳና «አንተ ንገራት» አለኝ። «ጃብህ ነው።»

እውነቱን ነው፣ ጃቤ ነው። በፍርድ ቤትና በሆስፒታል አማርኛና እንግሊዝኛ ሳስተረጉም ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው። (አንተ ማለቱን አልቀየምኩም። የናቲ አማርኛ አንቱ የለውም፤ አባታችንንም አንተ ይላቸዋል፣ እሳቸውም ይስቃሉ።) የሙያውን ሕግ ለማታውቁ ልንገራችሁ። አስተርጓሚ የሚናገረው በተናጋሪው አፍ ነው። ሰውየው «አሞኛል» ካለ «አሞኛል» ይላል እንጂ «አሞኛል ይላል» አይልም። አይጨምርም፣ አይቀንስም፣ አያስታርቅም። በዚህ ሕግ መሠረት ስንት ጊዜ ጥፋተኛ ነኝ ብያለሁ፤ ሁለት ጊዜም ምጥ ይዞኛል።

ለናቲ እንዲህ አልኩት፦ «አንተ ትናገራለህ፣ እኔ እተረጉማለሁ።» የሺን ከወጥ ቤት ጠርተን ሦስታችን መኝታ ቤት ገባንና በሩን ዘጋን። ናቲ የምትለውን ይሰማል፣ መመለስ ነው የሚያቅተው። የሺ ደግሞ የሥራ እንግሊዝኛ አላት፤ ለአዛውንት መድኃኒት መውሰጃ ሰዓት የሚሆን። ለእንዲህ ያለው ጉዳይ የሚሆነው አይደለም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በአንድ ጣሪያ ሥር ኖረው አስተርጓሚ ሲያስፈልጋቸው ያን ቀን የመጀመሪያቸው ነው። ሌላው ቀን ሁሉ የሚያስፈልጋቸው ነገር ሳይነገር ነበር የሚያልፈው።

ናቲ ጀመረ። እኔ ቀጠልኩ፦ «እማዬ፣ ኮሌጅ አልገባሁም።»

የሺ ከራስ ፀጉሬ እስከ እግር ጥፍሬ አየችኝ። «አንተማ ከጨረስክ አርባ ዓመትህ» አለች።

«እሱን ማለቴ ነው፣ የሺ። ሕጉ ነው።»

«ምን የሚሉት ሕግ ነው? እሱስ አፍ የለውም?»

«ሰኞ ገባሁ ያልኩሽ ሥራ ነው» አልኩ፣ ዓይኔን ግድግዳው ላይ ተክዬ። «የኮሌጁን ማሞቂያ ነው የምንሠራው። ተማሪ አይደለሁም። ይቅርታ።»

የሺ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ፊቷ ምን እንደሚመስል አልነግራችሁም፤ ልጅ ያላችሁ ታውቁታላችሁ። መጀመሪያ ያለችው «እልልታዬስ?» ነበር። ለማንም የተነገረ አልነበረም፣ ቢሆንም ተረጎምኩት። እልልታን በእንግሊዝኛ መናገር እንደማይቻል የሙያ ጓደኞቼ ይመሰክሩልኛል፤ ናቲ ግን ገና ሳልጨርስ መልሱን ጀምሮ ነበር።

«ለሥራዬ መስሎኝ ነበር። ደስ ብሎኝ ነበር።»

«ሥራ ሥራ አትበለኝ» አለች የሺ። ለእኔ ይሁን ለእሱ አልለየሁም። «ማሂ አሥራ አንድ ቦታ ስታመለክት እኔ ምን አገዝኳት? ማን አሳያት? አንተንስ ምን ከለከልኩህ? አንድ ፎርም መሙላት ነው እኮ።»

ናቲ መለሰላት። ድምፁን ከፍ አላደረገም። እኔም ከፍ አላደረግኩም።

«ማሂ ከስምንት ዓመቷ ጀምሮ ደብዳቤሽን ስታነብልሽ ነው ያደገችው። የኢንሹራንሱን፣ የግሪን ካርዱን፣ የትምህርት ቤቱን፣ ሁሉንም ፎርም እሷ ነበረች የምትሞላው። አንድ ወረቀት በመጣ ቁጥር ‹ማሂ፣ ምን ይላል?› ትያታለሽ። እኔን አንድ ቀን ‹ምን ይላል?› ብለሽኝ አታውቂም። ለእኔ የምትሰጪኝ ሩዝ ነው። ሃምሳ ፓውንዱን።»

ሩዙ ላይ ስደርስ ከራሴ አንድ ቃል ልጨምር ዳዳኝ። ሕጉ አይፈቅድም፤ አለፈ።

እዚህ ላይ ላቁምና ለራሴ አንድ ነገር ልበል። ለካ የመኪና ቁልፍ አይደለም። በየቤታችን አንዲት ጸሐፊ አለች፤ ደመወዝ የላትም፣ ዘጠኝ ዓመት ሳይሞላት ነው የተሾመችው፣ ለወላጆቿ ዶክተር ቤት ቀጠሮ ትይዛለች፣ ከመብራት ኩባንያው ጋር በስልክ ትከራከራለች፣ ስልክ ላይ አባቷን መስላ «ስፒኪንግ»፣ እኔው ነኝ፣ ትላለች። አሥራ ሰባት ዓመት ሲሞላት የኮሌጅ ማመልከቻ ሲመጣ ለእሷ አንድ ተጨማሪ ወረቀት ነው። ወንድሟ ደግሞ በዚያው ቤት፣ በዚያው ዕድሜ፣ ፍሪጅ ሲገፋ ነው የከረመው። ጎበዝ ይባላል። ሁለቱንም የሾምናቸው እኛው ነን፤ ሁለቱንም በፍቅር። ከዚያ ወረቀቱ ሲመጣ ልጁ ይሸከመው እንደሆነ ብለን እናየዋለን።

 ከወጥ ቤት ማሂ ሳህን ስትደረድር ይሰማል። የሺ ቀና አለችና፣ ልጇን እያየች ለእኔ ተናገረች።

«ከባድ ከባዱን የምሰጠው ስለምተማመንበት ነው፣ በለው። ወረቀት ላስቸግረው ስላልፈለግኩ ነው። ትምህርቱማ ይገባዋል።»

ናቲ የመጀመሪያውን ሰምቶታል። የመጨረሻው ላይ ፊቱን ወደ እኔ አዞረ። «ዋት ዲድ ሺ ሴይ?» ምን አለች ማለቱ ነው።

እዚህ ጋ ተያዝኩ። «ይገባዋል» ሁለት ነው። ትምህርቱን ለመረዳት አእምሮ አለው፣ ጎበዝ ነው፣ አንዱ ነው። ትምህርቱን ማግኘት የሚገባው ልጅ ነው፣ ሌላው ነው። በእንግሊዝኛ ሁለቱ አንድ ቤት አያድሩም። ሕጉ እንዲህ ሲያጋጥም ተናጋሪውን መጠየቅ ይፈቅዳል፣ ስለዚህ ጠየቅኳት።

«የትኛውን ማለትሽ ነው? ያውቀዋል ነው ወይስ የሱ ሊሆን ይገባል?»

የሺ የሞኝ ጥያቄ እንደጠየቅኩ ሁሉ አየችኝ። «ልዩነት አለው እንዴ?» አለች።

ሁለቱንም ተረጎምኩለት፣ አንዱን ከሌላው ቀጥዬ።  ናቲ በአማርኛ፣ ያለእኔ፣ «እሺ» አለ። በሩ ተንኳኳ፤ እንግዳ መጥቷል።

አሁን የቀረው ሃያ ሰው ነው። እንደኛ አገር ልማድ ቢሆን ነገሩ ተሸፋፍኖ ያልፍ ነበር፤ ኮሌጅ ገብቷል ተብሏል፣ ኮሌጅም ይገባል፣ በየጠዋቱ በአሥራ ሁለት ሰዓት፣ ራሱ ላይ ቆብ አድርጎ። ውሸት የለበትም። እኔም ይህንኑ በጆሮዋ ሹክ አልኳት።  አባታችን ጸሎቱን አድርሰው ዳቦው ሲቆረስ የሺ ብድግ አለች።

«ልጄ ኮሌጅ ገባ ብዬ ነው የጠራኋችሁ» አለች። «ተሳስቼ ነው። የገባው ሥራ ነው፤ የኮሌጁን ማሞቂያ ነው የሚሠራው። ከብዙ ልጅ ሁለት ተመርጦ አንዱ እሱ ነው። ትምህርቱን ደግሞ የሚያመለክተው አርብ ነው። ዳቦው ግን ተቆርሷል፣ አይመለስም። አባታችን፣ ለሁለቱም ይባርኩልኝ።»

 ናቲ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፤ ለእንግዳ ያመጣው ወንበር ለእሱ አልተረፈም። አባታችን ሳይቸኩሉ ባረኩት። ከአሜን በኋላ መጀመሪያ የተናገረችው ፀዳለ የምትባል የማኅበሩ ሴት ናት።

«የእኔም እኮ አልገባም» አለች፣ ዳቦዋን እያየች። «ኦንላይን ነው የሚማረው የምላችሁ።»

«ክፍሉን ዘግቶ?» አለች ከጎኗ ያለችው።

«ክፍሉን ዘግቶ።»

«የእኔም ኦንላይን ነው» አለች ሌላዋ፣ እና ሳቅ አመለጣት። ከዚያ ሌላ። ሁለት ልጆች ወደ ሌላ ኮሌጅ «ትራንስፈር እያደረጉ» መሆናቸው ቀረ፤ አንደኛው «ጋፕ ይር» ላይ፣ የአንድ ዓመት ዕረፍት ላይ፣ እንደነበር ከተነገረ ሦስተኛ ዓመቱ ሆኖታል። ለዓመታት በርበሬ ፊት ያልተነገረ ነገር ሁሉ በአንድ ከሰዓት በኋላ ወጣ። አንዳንዷ ስታለቅስ ሌላዋ ትስቅባታለች፣ ወዲያው ደግሞ ይቀያየራሉ። አባታችን ብዙ ኑዛዜ ሰምተው የሚያውቁ ናቸው፣ እንዲህ በሳህን ታጅቦ ሲመጣ ግን አላዩም መሰለኝ። ፀዳለ ዓይኗን ጠርጋ ናቲን ጠራችው።

«አንተ ልጅ፣ ማሞቂያ ትሠራለህ አለች አይደል? የእኛ ቤት ከላይ ይሞቃል፣ ከታች በረዶ ነው። ምንድን ነው?»

ናቲ ጠየቃት፣ መለሰችለት፣ እንደገና ጠየቃት። ሙቀት ለምን ወደ ላይ እንደሚሄድ በእንግሊዝኛ፣ በአማርኛና በሁለት እጁ አስረዳት። ክፍሉ በሙሉ ያዳምጥ ነበር። ያቺ አስተማሪ ጠይቃ መልስ ያጣችለት ጥያቄ ይኸው ይሁን ሌላ አላውቅም። ማሂ ከወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ ወንድሟን ስታየው አየኋት፤ ከዚያ ሄዳ የራሷን ወንበር አመጣችለት።

ያንን ባዶ ሣጥን ናቲ ሰኞና ማክሰኞ በምሳ ሰዓት፣ ጣሪያው ላይ ተቀምጦ ሞላው። የጻፈው ስለ ሩዝ፣ ስለ ፍሪጅ፣ ስለ አራት መቶ ታጣፊ ወንበሮችና ከኮርኒስ በላይ ሆኖ ስለሰማው ትምህርት ነው። ረቡዕ ወረቀቱን አትሞ ለእናቱ ሰጣት። የሺ መነጽሯን አደረገች፣ ገልብጣ አየችው፣ መልሳም ሰጠችውና «ምን ይላል?» አለችው። አነበበላት። ያልገባት ቦታ ላይ እያስቆመች ጠየቀችው፤ ያወቀውን በአማርኛ፣ ያላወቀውን በምልክት ነገራት። ሁለት ሰዓት ፈጀባቸው። እኔ አልተጠራሁም። ማሂ እጇን እንዳታስገባ ተነግሯት ሶፋው ላይ ቁጭ ብላ ጥፍሯን ስትበላ እንደነበር በኋላ ነገረችኝ። ሐሙስ ናቲ ለእኔ ላከልኝ። አንድ ነጠላ ሰረዝ ጨመርኩ፣ ትንሽ አሰብኩና መልሼ አጠፋሁት።

ካፌ ያሉት ጓደኞቼ ታሪኩን ሲሰሙ ጽንሰ ሐሳባቸውን አልቀየሩም። ባለ ጌሙ «ይሄ ልጅ ጌም ስለማይጫወት ነው» አለ። ባለ ዴሊቨሪው ሩዝ መሸከምም ዴሊቨሪ ነው ብሎ ደመደመ። ባለ ሦስት ሴት ልጆቹ ግን ማኪያቶውን ማማሰል አቁሞ፣ ትንሿ ልጁ ካውንቲው የላከውን ወረቀት ልታነብለት ቤት እየጠበቀችው መሆኑን ተናገረና ቀድሞን ተነሳ። የመንገዱ ጥግ ሲደርስ ስልኩን አውጥቶ ሲደውል አየሁት። ተዪው፣ እኔ እሞክረዋለሁ እያላት ይሁን ቶሎ ጨርሺልኝ እያላት ርቀቱ አላሰማኝም።

ማመልከቻው አርብ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ገባ። በታኅሣሥ መልሱ መጣ፤ ተቀበሉት። በጥር ማክሰኞና ሐሙስ ማታ ማታ ሁለት ትምህርት ጀመረ፤ ቀን ቀን ሥራው ላይ ነው። በየካቲት የመጀመሪያውን ፈተና ተፈተነና ሲ ፕላስ አገኘ። የሺ ለማኅበርተኞቿ ፕላስ ማምጣቱን ነግራቸዋለች።